በእንጨቱ ቁረጥልኝ፦ አንድ ጥያቄ፣ 34 መልስ

ሰላም ለዚህ ቤት። ዛፍ ቆራጭ ነኝ። ጫካ ሳይሆን ሰው ግቢ ውስጥ ነው የምሠራው። አራት ነን፤ እኔ፣ ላይ የሚወጣው ልጅ፣ ገመድ የሚይዙ ሁለት ጎረምሶች። ሁለት የሞተር መጋዝ አለን። ትልቁ መሬት ላይ ነው የሚሠራው፣ ትንሹ ዛፍ ላይ ይወጣል። ከኮተቤ እስከ ለገጣፎ፣ ከአያት እስከ ጎሮ በተጠራንበት እንሄዳለን።

ሰሞኑን ጎሮ አካባቢ አንድ ሰውዬ ጠራኝ። አጥሩ ሥር ሦስት ባሕር ዛፍ አለው። በአንድ በኩል የራሱ ቤት፣ በሌላ በኩል የጎረቤት ቆርቆሮ፣ ከፊት ለፊት የመብራት ገመድ። ዛፉ የሚወድቅበት ባዶ ቦታ የለም። ከጫፍ ጀምሮ እየተቆራረጠ፣ በገመድ እየታሰረ ነው የሚወርደው። የሁለት ቀን ሥራ። ዋጋ ነገርኩት፣ ሳቀብኝ። ይሄን ሁሉ እንጨት እየሰጠሁህ ጭራሽ ብር ትጠይቀኛለህ፣ እንጨቱን ውሰድና ቁረጥልኝ አለኝ። ሌላ ሰው በዚሁ ተስማምቶ እንደነበርም ጨመረ።

ጥያቄዬ አጭር ነው። ግቢ ውስጥ ዛፍ በእንጨቱ ቆርጦ ያተረፈ አለ? ካለ እንዴት?

ይሄን የጻፍኩት ሰኞ ማታ ነው። እስከ ሐሙስ 34 መልስ መጣ። የመልሶቹ ክር ረዝሞ ጥያቄው ራሱ ጠፋ። ስለዚህ አዲስ ለሚገባ ሰው እንዲመቸው ማን ምን እንዳለ በራሴ አባባል ከሥር አስቀምጫለሁ። የተጣላችሁትንም ጭምር።

መልስ 1 ከቡራዩ ነው። ይሄ ወንድም ሥራውን ከእኔ በፊት የጀመረ ይመስላል፣ በትሕትና ነው የጻፈው። በእንጨቱ መቁረጥ የሚባለው ነገር ውሸት እንዳልሆነ፣ ግን የሜዳ ዛፍ ልማድ እንደሆነ አስረዳ። ሜዳ ላይ የቆመ ባሕር ዛፍ አንዴ ከሥሩ ይቆረጣል፣ ይወድቃል፣ ግንዱ እንዳለ ይተኛል። ረጅም ስለሆነ ቋሚ ይወጣዋል፣ ማገር ይወጣዋል። ቀጭን ከሆነ ደግሞ አጣና ሆኖ ለሕንፃ መወጣጫ ይሸጣል። ግቢ ውስጥ ያለው ግን በየሜትሩ እየተቆረጠ ነው የሚወርደው። የአንድ ሜትር ቁራጭ ቋሚ አይሆንም፤ ተፈልጦ ማገዶ ነው። ሰውዬው የሚኮራበት እንጨት ዋጋውን ያጣው ቤቱ አጠገብ ስለቆመ ነው። ሥራውን ያከበደው ቤት፣ እንጨቱንም ያረከሰው ያው ቤት ነው።

እኔ ይሄን ያህል ዓመት ስሠራ ነገሩን እንዲህ አስቤው አላውቅም። ለሰውዬው ያኔውኑ ብነግረው ኖሮ ምናልባት አይስቅም ነበር።

መልስ 2 ፎቶ ላክ አለ። አልላክሁም፣ የሰው ግቢ ነው።

መልስ 3 አንድ መስመር ናት። ዛፍ መጣል ማንም እንደሚችል፣ ብር የሚከፈለው ግን የት እንደሚያርፍ ለሚያውቅ ሰው እንደሆነ ጽፎ ወጣ። ብዙ ሰው ወዶለታል።

መልስ 4 ነገሩን አጋለው። ቆራጭ አይደለም፣ ደንበኛ ነው። ሰሚት አካባቢ ሁለት ዛፍ አስቆርጦ ነበር። ቆራጮቹ ብሩንም ግንዱንም ወስደው፣ ጭራሮውን በሩ ላይ ቆልለውበት ሄዱ። የአጥሩ ሁለት ቆርቆሮ ተጣሞ ቀረ። ሲደውል ስልክ አያነሱም። ከዚያ ተነስቶ ዛፍ ቆራጭ ሁሉ አንድ እንደሆነ፣ ሰው የሚመስለውም ብር እስኪቀበል ድረስ ብቻ እንደሆነ ደመደመ።

መልስ 5 ለዚህ የተሰጠ ስድብ ነው። አልደግመውም። መልስ 6 ደግሞ የስድቡ መልስ ነው። እሱንም አልደግመውም። ባይሆን አንድ ነገር ልናዘዝ። አምና አያት አንድ ግቢ ሠርተን ስንጨርስ መሽቶ ነበር። ዝናብም መጣ። ነገ መጥተን እናነሳለን ብለን ጭራሮውን እዚያው ትተን ወጣን። ነገ ሌላ ሥራ መጣ። የሄድነው በሳምንቱ ነው። ባለቤትየዋ ምንም አልተናገሩም፣ ቡና አፍልተው ጠበቁን። ከስድብ የባሰ ነው።

መልስ 7 የለገጣፎ እናት ናቸው። ተሳዳቢዎቹን ሁለቱንም ገሥጸው ወደ ቁም ነገሩ ገቡ። ሥራ ከመጀመሩ በፊት በወረቀት እንዲጻፍ መከሩ። ግንዱ የማን ነው፣ ቅጠሉ የማን ነው፣ ጭራሮውን ማን ያወጣል፣ ቆርቆሮ ቢጣመም ማን ያቃናል፣ ቀብዱ ስንት ነው። አፍ ይረሳል፣ ወረቀት አይረሳም ባይ ናቸው። ቅጠሉን በተመለከተ ግን ድርድር የላቸውም። የባሕር ዛፍ ቅጠል ቦግ የሚል እሳት ነው፣ ምጣድ ቶሎ ያግላል። ስለዚህ ቅጠሉ የሠፈሩ ሴቶች ነው፣ ቆራጭ ሸጠው ቢባል ነውር ነው። ከእንጦጦ ሴቶች ይሄንኑ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው ሲወርዱ ያየ ሰው ቅጠል ዋጋ የለውም እንደማይልም ጨመሩ። እሺ እትዬ።

መልስ 8 ሂሳብ የሚወድ ሰው ነው። እንጨቱ ያዋጣል አያዋጣም የሚለውን ትቶ ክብደቱን አሰላ። 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ግንድ በ3 ሜትር ቢቆረጥ 0.38 ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል። እርጥብ ባሕር ዛፍ በሜትር ኩብ አንድ ቶን ወይም ከዚያ በላይ ይመዝናል። ስለዚህ ያ አንድ ቁራጭ ብቻውን ወደ 400 ኪሎ ይጠጋል፣ አራት ኩንታል ማለት ነው። አራት ኩንታል ጤፍ ከጎረቤት ጣሪያ በላይ በገመድ ተንጠልጥሎ ይታያችሁ አለ። ታየን።

መልስ 9 ሂሳቡ ትክክል ቢሆንም ጎዶሎ እንደሆነ ጻፈ። ሰው የሚገድለው የሚንጠለጠለው አይደለም፣ የሚወድቀው ነው። ቁራጩ አንድ ሜትር ወርዶ ገመዱ ድንገት ቀጥ ሲያደርገው፣ ቋጠሮው ላይ የሚያርፈው ጉልበት ከክብደቱ ብዙ እጥፍ ነው። ስለዚህ ገመድ ያዡ እጁ ላይ ጠምጥሞ አይቆምም። ገመዱን ሌላ ግንድ ሥር ሁለት ሦስት ዙር አዙሮ እያሸሸ ይለቀዋል። የሚወርደው ነገር ቀስ ብሎ እንዲቆም እንጂ ድንገት ቀጥ እንዲል አይደረግም። እኛም በአንድ ሜትር የምንቆርጠው ለዚህ ነው። ያኔ ቁራጩ ከ130 ኪሎ ብዙም አያልፍም። እሱም ቢሆን ቀልድ አይደለም።

መልስ 10 ስለ ገመድ ዓይነት ነው፤ ይሄኛው እኔን በቀጥታ ነካኝ። በየሱቁ የሚሸጠውን ሰማያዊ የፕላስቲክ ገመድ ለዚህ ሥራ የሚጠቀም ሰው ካለ ዛሬውኑ እንዲጥለው አስጠነቀቀ። ግንድ ላይ ተጠምጥሞ ክብደት ይዞ ሲሮጥ ይግላል፣ 160 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይቀልጣል። እሱ አንድ ቀን ሲጨስ አይቷል። የቃጫ ገመድ አይቀልጥም፤ ግን ክረምት ላይ ረጥቦ ከውስጥ ይበሰብሳል፣ ከውጭ ደህና ይመስላል። የሚመርጠው ናይለን ነው። ናይለን ሲጎተት ትንሽ ይለጠጣል፣ ንዝረቱን ይውጣል። ከእኛ ገመዶች አንዱ ሰማያዊ ነበር። አሁን የጎረቤት በግ ይታሰርበታል።

እዚህ ላይ ክሩ መንገድ ሳተ። መልስ 11 የሱሉልታ ልጅ ነው። አዲስ መጋዝ ገዝቶ ጉልበት አጣበት። ይጨሳል፣ ጋዝ ሲሰጠው ይታነቃል፣ እሳት የሚጭረው ካንዴላ ሲፈታ ጥቁር ነው። ሻጩ ጋ ቢመልሰውም ምንም አልሆነም ብለው ሰጡት።

መልስ 12 መካኒክ ነው፤ ከሁሉም መልሶች እኔ የተማርኩበት ይሄ ነው። መጋዙ እንዳልታመመ፣ አየር እንዳጠረው ነው ያስረዳው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ሱሉልታ ከመሀል ከተማው ከፍ ትላለች። እዚህ ከፍታ ላይ ባሕር ዳርቻ ካለው አየር ሩብ ያህሉ የለም። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ግን ይሄን አያውቅም። እንደተሞላለት ቤንዚን ይልካል። ቤንዚኑ በዝቶ አየሩ ሲያንስ ሞተሩ ይታፈናል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። መፍትሔው ጎኑ ላይ ካሉት ብሎኖች ለከፍተኛ ዙር የሆነውን ጥቂት ወደ ማጥበቅ ማዞር ነው። ጥቂት ማለት ከሩብ ዙር ያነሰ። አንዳንድ አዲስ መጋዞች ይሄን ራሳቸው ያስተካክላሉ፣ እነሱ ላይ የሚነካ ነገር የለም።

መልስ 13 ይሄን አጽድቆ አንድ ማስጠንቀቂያ አከለበት። በዚያው እንደጠበቀ ይዞ ወደ አዳማ የወረደ ሰው ወዮለት። እዚያ አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ያንሳል። ቅባቱ የሚመጣው ከቤንዚኑ ጋር ስለሆነ ፒስተኑ ደርቆ ይበላል። እሱ አንድ መጋዝ የቀበረው እንዲህ ነው። ስትወርዱ ፍቱ፣ ስትወጡ አጥብቁ አለ። ለሱሉልታው ልጅ ይሄን ሁሉ በነጻ ያገኘው የእኔ ጥያቄ ላይ ተንጠልጥሎ መሆኑን ላስታውሰው እወዳለሁ።

መልስ 14 ስለ ዘይት ድብልቅ ነው። ጥሩ የሁለት ምት ዘይት ከሆነ 50 ለ1፣ ማለት ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር። ተራ ዘይት ከሆነ 25 ለ1፣ ለ5 ሊትር 200። በግምት፣ በሃይላንድ ክዳን የሚለካ ሰው ሞተሩን እንደሚቀብር ተናገረ። በሃይላንድ ክዳን የምለካው እኔ ነኝ። ከየት እንዳወቀ እንጃ።

መልስ 15 ጋሼ ናቸው፤ ስለ ቤንዚን ስታወሩ ጥርሱን ረሳችሁት ብለው ገቡ። ድሮ ግራና ቀኝ ለሁለት በሚጎተት መጋዝ ሲሠሩ፣ ከሥራው ግማሹ ሞረድ ነበር። አሁን ልጆቹ ሞተር አለ ብለው የደነዘ ሰንሰለት ይጫናሉ። እሳቸው መጋዝ የሚያዩት በሚተፋው ነው። ፍቅፋቂ ከተፋ ስል ነው፣ ዱቄት ከተፋ ደንዟል። ቤንዚን በተሞላ ቁጥር ሁለት ሁለት ጊዜ በሞረድ ማስነካት፣ አንዱን ጥርስ ከሌላው ሳያስበልጡ። ሞረዱ ደግሞ እንደ ሰንሰለቱ ነው። ለትልቁ ሰንሰለት፣ ሦስት ስምንተኛ ኢንች ለሚባለው፣ 5.2 ሚሊ ሜትር ክብ ሞረድ። ለመካከለኛው 4.8። በተገኘው የሚሞርድ ሰው ጥርሱን እያበላሸ ነው።

ከመልስ 16 እስከ 19 ጦርነት ነው። አንዱ ከተማው እንዲህ ተራቁቶ ዛፍ መቁረጥን ሥራ ማለት አሳፋሪ እንደሆነ ጻፈ። ሌላው ባሕር ዛፍ ዛፍ ሳይሆን የውኃ ሌባ ነው፣ ምንጭ ያደርቃል፣ ሥሩ ሣር አያበቅልም አለ። ሦስተኛው ታሪክ ይዞ መጣ። አዲስ አበባ በተቆረቆረች በጥቂት ዓመታት ዙሪያዋ ያለው እንጨት አልቆ፣ አጼ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ከተማዋን እዚሁ ያስቀራት በ1880ዎቹ የገባው ይሄው ዛፍ ነው። ከባሕር ማዶ ስለመጣ ባሕር ዛፍ ተባለ። እሱን መስደብ ቤትህ የቆመበትን ምሰሶ መስደብ ነው የሚል ነበር ሐሳቡ። አራተኛው ታሪኩን ተቀብሎ፣ ያን ጊዜ ያዳነ ሁሉ ዛሬም ያድናል ማለት እንዳልሆነ ጻፈ። ከዚያ ስለ ፖለቲካ ተጀመረ። እሱን ዘልዬዋለሁ።

እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። ነጭ ባሕር ዛፍ ከ30 ሜትር በላይ ይሄዳል። 200 ካሬ ግቢ ውስጥ 30 ሜትር የሚሄድ ነገር የተከለ ሰው፣ ወይ ራሱ ወይ ልጁ እኔን ይጠራኛል።

መልስ 20 ወንዶ ገነት የደን ትምህርት የተማሩ ባለሙያ ናቸው። ሳይሳደቡ ገብተው አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ የግቢው አፈር ምን ዓይነት ነው? ዋልካ ነው አልኩ። ጎሮን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ፣ ክረምት ጫማ የሚያስቀር ጭቃ። ቀጠሉና ዛፉና ቤቱ ማን ይቀድማል አሉ። ዛፉ ይቀድማል። እንግዲያው ለባለቤቱ እንድነግረው መከሩኝ። ዋልካ ሲደርቅ ይሟሽሻል፣ ሲረጥብ ያብጣል። ባሕር ዛፍ ዓመቱን ሙሉ ውኃውን እየጠጣ አፈሩን አድርቆ አቆይቶታል፤ ቤቱ የተሠራውም በዚያ በተሟሸሸው ላይ ነው። ዛፉ ሲነሳ የሚጠጣው ስለሌለ ውኃው ይመለሳል፣ አፈሩ ቀስ ብሎ ያብጣል፣ ወለልና ግድግዳ ሊገፋ ይችላል። አንድ ክረምት ብቻ ላይሆንም ይችላል። ስለዚህ ቤቱን የሚያውቅ መሐንዲስ ቢያየው፣ የጣሪያው ውኃም በአሸንዳ ተሰብስቦ ከመሠረቱ እንዲርቅ ቢደረግ ጥሩ ነው።

እስከዚያ ቀን ድረስ ዛፍ ካልተቆረጠ ቤት ይሰነጥቃል ብዬ ነበር ለሰው የምናገረው። ከተቆረጠም ሊሰነጥቅ ይችላል ማለት ነው። መልስ 21 ይሄ ገበያ ያበላሻል ብሎ ቀለደ። ቀልዱ ውስጥ እውነት አለ፤ ግን ዛፉ ከተቆረጠ በኋላ ግድግዳው ቢሰነጠቅ የሚደወለው ለእኔ ነው።

መልስ 22 ላይ ሁሉም ዝም አለ። ከሰበታ የጻፈ ነው። የመብራት ገመድ እንዳለ አንብቦ፣ መብራቱ ይጠፋል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያ ምክንያቱን ነገረን። አብሮት የሚሠራ ልጅ ነበር። ቅርንጫፉ ገመዱን አልነካም፣ ቀረበ ብቻ። ከፍተኛው መስመር 15 ሺህ ቮልት ነው፤ ሲቀርቡት ሊዘል ይችላል። ጠዋት ዘንቦ ስለነበር እንጨቱ እርጥብ ነበር። እርጥብ እንጨት ኤሌክትሪክ ያስኬዳል። ከዚያ በላይ አልጻፈም። ዝቅተኛው የቤት መስመር 220 ስለሆነ ምንም አይደል የሚሉ እንዳሉ፣ ዛፍ ላይ ታስሮ ለቆመ ሰው ግን 220 ይበቃል ብሎ ጨረሰ። መብራት ለማስጠፋት ማመልከት ቀናት ይወስዳል፣ ደንበኛው ይቸኩላል፣ ቆራጩ ያፍራል። አትፈሩ፣ አስጠፉ አለ።

መልስ 23 ነፍስ ይማር ብሎ ብቻ ነው። ሌሎችም ከሥሩ ብለዋል። እኔም።

መልስ 24 እና 25 ገንዘቡ የት እንደሚሄድ ነው። አንዱ ስለ ደላላ አማረረ፤ ደንበኛ አገናኝቶ የሚወስደው ከገመድ ያዡ የቀን ሒሳብ ይበልጣል። ሌላው በየሠፈሩ ስላሉ ጫኝና አውራጆች ጻፈ። ግንዱን በራስህ ልጆች አይሱዙ ላይ ብትጭነውም፣ ሠፈሩ የእኛ ነው ብለው ይመጣሉ፤ አንድ እንጨት ሳያነሱ ይከፈላቸዋል። በእንጨቱ የሚቆርጥ ሰው ከእንጨቱ ላይ የመኪናውን፣ የጫኙን፣ የፈላጩን ሲቀንስ የሚተርፈው ስንት ነው ብሎ ጠየቀ። ከመልስ 1 ቀጥሎ ለጥያቄዬ በቀጥታ የመለሰ እሱ ብቻ ነው። ሌላ ቦታ ድንጋይ አራግፎ ባዶውን የሚመለስ መኪና ከሌለህ ምንም አይተርፍም።

መልስ 26 ንብ ነው። አንድ ያረጀ ጥድ ሊቆርጡ ሄደው፣ ግንዱን በመጥረቢያ ጀርባ ሲመቱት እንደ ከበሮ ጮኸ። ውስጡ ባዶ ነው ተባባሉ፣ ግን ባዶው ውስጥ ማን እንዳለ አልጠየቁም። የመጋዙ ንዝረት ሲጀምር ንቡ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ላይ የነበረው ልጅ ከገመዱ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ዘሎ መውረድ አይችልም። እንደምንም ወርዶ ሦስት ቀን ፊቱ አብጦ ተኛ። አሁን ቀዳዳ ካዩ ቆመው ያዳምጣሉ፤ ንብ ካለ ማር ቆራጭ ፈልገው ማታ ያስወስዳሉ። ማሩን ግን ማን በላው የሚለውን አልነገረንም።

መልስ 27 ለጉንፋን የሚታጠኑበት የባሕር ዛፍ ቅጠል ማን ያመጣልኛል ብሎ አድራሻ ጠየቀ። መልስ 7ን ያንብብ።

ከ28 እስከ 30 ስለ መከርከም ነው። አንዷ ግቢዋ ያለውን ዛፍ ከሥሩ ሳይሆን ከወገቡ ማስቆረጥ ትፈልጋለች፤ ጥላውም ይቀራል፣ ፍርሃቱም ይቀንሳል ብላ። መልስ 29 እንደ ዛፉ እንደሆነ ነገራት። ግራቪሊያ ይችላል፣ ያቆጠቁጣል። የፈረንጅ ጥድ ግን አረንጓዴው አልቆ ግንዱ ብቻ ከቀረ አይመለስም፣ ቆሞ ይደርቃል። ባሕር ዛፍ ይመለሳል፣ ግን አዲሱ ቅርንጫፍ የሚይዘው ከላይ ከላይ ስለሆነ በነሐሴ ነፋስ ይገነጠላል። ትልቅ ቅርንጫፍ ሲቆረጥ መጀመሪያ ከበታቹ በኩል በመጋዝ ትንሽ መብላት፣ ከዚያ ወጣ ብሎ ከላይ መቁረጥ፣ በመጨረሻ የቀረውን ቁራጭ አንገቱ ጋ ማንሳት። አለበለዚያ ሲወድቅ ቅርፊቱን እስከ ግንዱ ልጦት ይሄዳል። አንገቱ ማለት ቅርንጫፉ ከግንዱ የሚገናኝበት ያበጠው ቦታ ነው፤ እሱ አይነካም፣ ቁስሉን የሚዘጋው እሱ ነው።

መልስ 30 ቁስሉን ቀለም ወይም ሬንጅ ቀቡት ሲል የወንዶ ገነቱ ባለሙያ ተመልሰው ገቡ። አሌክስ ሺጎ የሚባል አሜሪካዊ ብዙ ሺህ ግንድ ለሁለት ሰንጥቆ አይቶ፣ ቅቡ መበስበስን እንደማያቆም ካሳየ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ዛፍ እንደ ሰው ቁስሉን አያድንም፣ ዙሪያውን አጥሮ ይዘጋዋል። መንገድ ዳር ግንድ ላይ የሚቀባው ኖራስ ብሎ አንዱ ጠየቀ። እሱ ለዓይን ነው ተባለ።

መልስ 31 ስለ ጉቶ ነበር። ባሕር ዛፍ ሥሩ ካልሞተ በሚቀጥለው ክረምት ጉቶው ዙሪያ ያቆጠቁጣል። አንዱ ጨው፣ አንዱ ናፍጣ አለ። ናፍጣውን ተዉት፣ የጉድጓድ ውኃ የሚጠጣ ጎረቤት ይኖራል። በየሁለት ወሩ ቡቃያውን እየመለመሉ ማሰልቸትም ይሠራል፤ ትዕግሥት ላለው።

መልስ 32 የእኔ ነው። ረቡዕ ተመልሼ ጎሮ ሄድኩ። የመልስ 1ን ነገር በሜትር አሳየሁት፤ መሬት ላይ አንድ ሜትር ለክቼ፣ ከዚህ ቋሚ ይወጣል ወይ አልኩት። ዝም አለ። ቀጥዬ የዋልካውን ነገርኩት፤ እዚህ ላይ ፊቱ ተለወጠ፣ ሳሎን ወስዶ በመስኮቱ ሥር የወረደ ስንጥቅ አሳየኝ። መሐንዲስ አይቶት ነው የምንጀምረው። ያ በእንጨቱ የተስማማው ሰው ለምን እንዳልቆረጠም ጠየቅሁት። ቀብድ ተቀብሎ ጠፋ አለኝ። በእንጨቱ የሚሠራ ሰው ምን ብሎ ቀብድ እንደተቀበለ ግን አልገባኝም።

ስምምነቱ እንዲህ ሆነ። ብሩ ለእኔ፣ ከጠየቅሁት ትንሽ ወርዶ። ግንዱ ለእሱ፣ የሚያስፈልጠውም እሱ። ቅጠሉ ለሠፈሩ ሴቶች። መብራቱ ይጠፋል፣ ማመልከቻው ገብቷል። የወረዳውን ፈቃድም እሱ ያመጣል። በወረቀት ነው፣ ሁለት ምስክር አለው፣ አንዱ ያ ቆርቆሮው የሚያሰጋኝ ጎረቤት ነው።

መልስ 33 ያ የሰሚቱ ተቆጪ ነው፣ መልስ 4። ጭራሮው የማን እንደሆነ በወረቀቱ ላይ ተጽፏል ወይ ብሎ ጠየቀ። ወረቀቱን አውጥቼ አየሁ። አልተጻፈም። ነገ እጨምረዋለሁ።

መልስ 34 የሱሉልታው ልጅ ነው። መጋዙ ተስተካክሎለታል፣ አመስግኗል። የ5.2 ክብ ሞረድ ምናለሽ ተራ ይገኝ እንደሆነም ጠይቋል። እስካሁን የመለሰለት የለም። የምታውቁ ጻፉ፣ የእኔም አልቋል።